ሜትሩ «1 ለ 1» ስላለ ድምፃችሁ ወጣ ማለት አይደለም! 📻 ስለ አውቶማቲክ የአንቴና ቲዩነር ማወቅ ያለባችሁ

ዛሬ አማተር ሬዲዮ የጀመረ ሰው ሁሉ ስለሚመኛት አንዲት ትንሽ ሳጥን እናወራለን። አውቶማቲክ የአንቴና ቲዩነር ትባላለች።

ለአዲስ ገቢዎች፦ አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ያለ ሲም ካርድ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በራሳቸው ሬዲዮና በራሳቸው አንቴና ከሌላ ሀገር ሰው ጋር የሚገናኙበት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። አንድ ሽቦ ዘርግታችሁ ከአዲስ አበባ ጣሊያን ወይም ጃፓን ያለ ሰው ማናገር ማለት ነው።

ታዲያ አንድ የተለመደ ነገር አለ። ጀማሪው ቲዩነር ይገዛል፣ በተኗን ይጫናል፣ ሜትሩ «1 ለ 1» ያሳየዋል። «በቃ አለቀ!» ብሎ መጣራት ይጀምራል። ይጣራል፣ ይጣራል፣ የሚመልስለት የለም። ሬዲዮው ደህና ነው፣ ቲዩነሩም ደህና ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ኃይል የት ገባ? የዛሬው ጽሑፋችን መልስ የሚሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው። እግረ መንገዳችንንም እንዴት እንደሚገጠምና እንዴት እንደሚሠራበት እናያለን።

📌 መጀመሪያ ኪሳችሁን ፈትሹ

አሁን ያሉ ብዙ ስማርትፎኖች ውስጥ ጥቃቅን የአንቴና ቲዩነሮች አሉ። ስልኩን በእጃችሁ ስትጨብጡት ወይም ጆሯችሁ ላይ ስትለጥፉት የአንቴናው ባህሪ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ2010 አይፎን 4 ሲወጣ የተነሳው ጫጫታ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የስልኩን የታችኛውን ግራ ጥግ በእጅ ሲሸፍኑት ሲግናሉ ይወርድ ነበር፤ አፕልም ነፃ ከቨር እስከ መስጠት ደርሷል። ዛሬ ብዙ ስልኮች እንዲህ ያለውን ለውጥ እየተከታተሉ እኛ ሳናውቀው ራሳቸውን ያስተካክላሉ።

የአማተር ሬዲዮዋ ሳጥን ሥራም ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ የጉልበት ነው። ስልካችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ከ1 ዋት በታች ሲሆን እዚህ የምናወራው ስለ 100 ዋት ነው።

📌 ችግሩ ምንድነው?

የአማተር ሬዲዮዎች የተሠሩት 50 ኦም ለሆነ ነገር ኃይል እንዲሰጡ ነው። አንቴና ግን ሁሌ 50 ኦም አይሆንም። የሽቦው ርዝመት፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ ሥሩ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትጠቀሙበት ፍሪኩዌንሲ ይቀይረዋል። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ከተላከው ኃይል የተወሰነው ወደ ኋላ ይመለሳል። የዚህ አለመጣጣም መለኪያ ኤስ ደብሊው አር ይባላል። በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፦

👉 1 ለ 1 ሲሆን ምንም አይመለስም
👉 1.5 ለ 1 ሲሆን 4 በመቶ ይመለሳል
👉 2 ለ 1 ሲሆን 11 በመቶ
👉 3 ለ 1 ሲሆን 25 በመቶ
👉 10 ለ 1 ሲሆን 67 በመቶ

ቁጥሩ ከ2 ወይም ከ3 ሲያልፍ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሬዲዮዎች ራሳቸውን ለማዳን ኃይላቸውን ይቀንሳሉ። መከላከያ የሌለው ሬዲዮ ከሆነ ደግሞ ኃይል የሚያወጡት ትራንዚስተሮች ሊቃጠሉ ይችላሉ። እነሱን ማስቀየር ቀላል ወጪ አይደለም።

በመኪና እናስበው። ሞተሩ የሚመቸው አዟዟር አለው። መንገዱ ግን አንዴ ሜዳ፣ አንዴ የእንጦጦ ዳገት ነው። መሀል ላይ ካምቢዮ ገብቶ ሞተሩ ሳይጨነቅ መኪናው እንዲሄድ ያደርጋል። ማንዋል ቲዩነር ማርሹን በእጅ እንደሚቀይሩበት መኪና ነው፤ ቁልፎቹን እያዞራችሁ ታስተካክላላችሁ። አውቶማቲኩ ራሱ ይቀይራል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካምቢዮ የተበላሸ መንገድ አስፋልት አያደርግም። ቲዩነርም አንቴናችሁን አያስተካክልም። ሬዲዮው 50 ኦም እንዲታየው ያደርጋል፣ በቃ።

📌 ሳጥኗ ውስጥ ምን አለ?

ብትከፍቷት ጥቅል ሽቦዎች፣ ካፓሲተሮችና ሪሌይ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ታያላችሁ። አንዲት ትንሽ ቺፕ ደግሞ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኃይል እየለካች ሪሌዮቹን ታዛለች።

ለምሳሌ ዲዛይኑ ለማንም ክፍት የሆነው ኤቲዩ-100 የሚባለው ቲዩነር 7 ጥቅል ሽቦና 7 ካፓሲተር ያለው ቅጂ አለው። ሰባቱ ጥቅሎች በማስገባትና በማስወጣት 128 ዓይነት ምርጫ ይሰጣሉ፣ ሰባቱ ካፓሲተሮችም እንደዚያው 128። ካፓሲተሮቹ በሬዲዮው በኩል ወይም በአንቴናው በኩል ሊገቡ ስለሚችሉ በ2 ይባዛል። 128 × 128 × 2 = 32,768 ምርጫ! በተኗን ስትጫኑ የምትሰሙት «ጠጠጠጥ» የሚል ድምፅ ቺፗ ከነዚህ ውስጥ የሚስማማውን ስትፈልግ ነው። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ታገኘዋለች። ብዙዎቹ ቲዩነሮች ያገኙትን ከነፍሪኩዌንሲው ያስታውሳሉ፤ በሚቀጥለው ቀን እዚያው ስትመለሱ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያመጡላችኋል።

ሦስት ዓይነት ናቸው፦

👉 ሬዲዮው ውስጥ አብሮ የሚመጣ። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3 ለ 1 ያለውን ብቻ ያስተካክላል። የአይኮም አይሲ-7300 የውስጥ ቲዩነር ለምሳሌ ከ16.7 እስከ 150 ኦም ነው የሚቀበለው።
👉 ጠረጴዛ ላይ ከሬዲዮው ጎን የሚቀመጥ። 10 ለ 1 እና ከዚያ በላይ የሚችሉ አሉ።
👉 ውጪ አንቴናው ሥር የሚሰቀል፣ ዝናብ የማያስገባ።

የቱ ይሻላል? ቀጥሎ ያለውን ካነበባችሁ በኋላ ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ።

📌 ሜትሩ እንዴት ይሸውዳችኋል?

በ40 ሜትር ባንድ፣ ማለትም በ7.1 ሜጋኸርዝ፣ የሚሠራ ዳይፖል አንቴና ዘረጋችሁ እንበል። ርዝመቱን ለማግኘት 143ን ለፍሪኩዌንሲው አካፍሉ። 143 ÷ 7.1 ወደ 20 ሜትር ይሰጣል፤ በግራ 10፣ በቀኝ 10። በ7.1 ላይ ይሄ አንቴና ግሩም ነው፣ ቲዩነርም ብዙ አያስፈልገውም።

አሁን በዚያው አንቴና ወደ 14.2 ሜጋኸርዝ ሂዱ። ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ስለሆነ አንቴናው መሀሉ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ያሳያል። 3,000 ኦም እንበል። ለ50 ሲካፈል ኤስ ደብሊው አሩ 60 ለ 1 ነው! ከሬዲዮው እስከ አንቴናው ደግሞ 30 ሜትር ቀጭን አርጂ-58 ገመድ አለ። ይህ ገመድ ሁሉም ነገር ሲስማማለት እንኳ እዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይ 1.5 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም ከ100 ዋት ወደ 30 ዋት ይበላል። አለመስማማት ሲጨመርበት ኃይሉ ገመዱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥርም ሙቀት እየሆነ ያልቃል። ሒሳቡ ሲሠራ ከ100 ዋት ውስጥ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 9 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው ገመዱን አሞቀ!

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ገመዱ ኃይሉን ስለበላው የሚመለሰው ትንሽ ነው። ስለዚህ ክፍላችሁ ውስጥ ሆናችሁ ስትለኩ 60 ለ 1 የነበረው 5 ለ 1 ገደማ መስሎ ይታያችኋል። የጠረጴዛው ቲዩነር 5 ለ 1ን በቀላሉ ያስተካክላል፣ ሜትሩ 1 ለ 1 ይላል፣ ሬዲዮው ደስ ብሎት 100 ዋት ይለቃል። ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። የሚሰማችሁ ግን የለም። ያ ጀማሪ ሲጣራ የዋለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ዳሚ ሎድን አስቡ። ለሙከራ የሚሠራ የ50 ኦም ሬዚስተር ነው። ኤስ ደብሊው አሩ ፍጹም 1 ለ 1 ነው፤ ወደ አየር የሚያወጣው ግን ምንም አይባልም። ማለትም 1 ለ 1 ሬዲዮው ምቾት እንደተሰማው ይነግራችኋል እንጂ ድምፃችሁ መውጣቱን አይነግራችሁም።

መፍትሔው?
✅ በየባንዱ ልኩን የጠበቀ አንቴና ሥሩ። በጣም ጥሩውና ብዙ ጊዜ ርካሹ ይሄ ነው።
✅ አንድ ሽቦ ለብዙ ባንድ ከፈለጋችሁ ቲዩነሩን አንቴናው ሥር ስቀሉት። ያኔ ገመዱ 50 ኦም ነው የሚያየው። በላይኛው ምሳሌ 9 ዋት የነበረው 60 ዋት ገደማ ይሆናል።
✅ ይህ ካልተቻለ ገመዱን አሳጥሩ፣ ወፍራምና የተሻለ ገመድ ግዙ። ላደር ላይን የሚባለው ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን የሚሄዱበት መስመር ደግሞ ባልተስማማ አንቴናም ላይ ብክነቱ በጣም ትንሽ ነው።

📌 አገጣጠም፣ በቅደም ተከተል

1️⃣ ቅደም ተከተሉ ሬዲዮ፣ ቲዩነር፣ ገመድ፣ አንቴና ነው። ቲዩነሩ ላይ የሬዲዮና የአንቴና መግቢያዎች አሉ፤ እንዳይገለባበጡ። ለብቻው የሚገዛ ሜትር ካላችሁ በሬዲዮውና በቲዩነሩ መሀል ይገባል።

2️⃣ ገመዱ 50 ኦም ይሁን። የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፤ ቤት ውስጥ ስለተገኘ ብቻ አትጠቀሙበት።

3️⃣ ቲዩነሩ መብራት ይፈልጋል፣ ብዙዎቹ 12 ቮልት ገደማ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አረጋግጡ፣ መስመሩ ላይ ፊውዝ አድርጉ።

4️⃣ ለሬዲዮአችሁ የተሠራ የመቆጣጠሪያ ኬብል ካለ ግዙት። ያኔ ሬዲዮው ላይ ያለችውን የቲዩን በተን ስትጫኑ ሬዲዮው ራሱ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ቲዩነሩን ያስነሳል። ከሌለም ችግር የለም፣ በእጅ ይሠራል።

5️⃣ የቲዩነሩንና የሬዲዮውን ቤት ከመሬት ጋር አገናኙ። ከአንድ ጫፍ ብቻ የሚመገብ ሽቦ ከሆነ ደግሞ መሬት ላይ የሚዘረጋ ተጨማሪ ሽቦ ያስፈልጋል። ያ ከሌለ ኃይሉ መመለሻ መንገድ አጥቶ በገመዱ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ማይክራፎኑን ስትነኩ ይቆነጥጣችኋል፣ ኮምፒውተሩ ያብዳል።

6️⃣ ሽቦው የት እንደሚያልፍ ሁለቴ አስቡ። ከመብራት መስመር በላይም ሆነ በታች፣ አጠገቡም አይሁን። ሽቦው ተበጥሶ ቢወድቅ እንኳ የመብራት መስመሩን በማይነካበት ቦታ ስቀሉት። ይሄ ሰው ይገድላል። ክረምት ላይ መብረቅ ሲያስገመግም ደግሞ ሳይቀርብ በፊት አንቴናውን ከሬዲዮው ንቀሉ። ቲዩነር መብረቅ አይከላከልም።

📌 አጠቃቀም

👂 መጀመሪያ አዳምጡ። ቦታው ላይ የሚያወራ ሰው ካለ ቲዩን ማድረግ ነውር ነው። ባዶ ከመሰላችሁ «ይህን ፍሪኩዌንሲ የሚጠቀም አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የጥሪ ስማችሁን ተናገሩ።

🔽 ኃይላችሁን ቀንሱ። ለብዙዎቹ ቲዩነሮች ከ5 እስከ 20 ዋት ይበቃል። በ100 ዋት ላይ ሪሌይ ሲቀያየር ብልጭታ ይፈጠራል፣ ቀስ በቀስም ሪሌዩን ይበላዋል።

🎚 ሬዲዮውን ሳይቋረጥ ኃይል በሚያወጣበት ሞድ ላይ አድርጉት፦ ኤፍ ኤም፣ ኤ ኤም ወይም ሲ ደብሊው። በኤስ ኤስ ቢ ዝም ካላችሁ ምንም ኃይል ስለማይወጣ ቲዩነሩ የሚለካው ነገር አያገኝም። ብዙ ሰው «ቲዩነሬ አልሠራ አለ» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

▶️ በተኗን ተጫኑ፣ ጠጠጠጡ እስኪያበቃ ጠብቁ፣ በመሀል አታውሩ። ከ1.5 በታች ካሳየ ሞዱንና ኃይሉን መልሱና ሥራችሁን ጀምሩ።

🔁 ፍሪኩዌንሲ ስትቀይሩ ሜትሩን እዩ። በተለይ በ80 እና በ40 ሜትር ባንዶች ትንሽ ስትሄዱ ድጋሚ ቲዩን ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

⚠️ እንደ ኤፍቲ8 ባሉ ዲጂታል ሞዶች የምትሠሩ ተጠንቀቁ። ሰው ሲያወራ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ዲጂታል ግን ላኩ ሲባል እስኪያበቃ ድረስ ሙሉ ኃይል ነው። 100 ዋት የተጻፈበት ቲዩነር ለዲጂታል የሚፈቅደው 30 ዋት ብቻ ሊሆን ይችላል። ማኑዋሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ኃይል የሚጨምር አምፕሊፋየር ካላችሁም ከሱ በኋላ የሚገባው ቲዩነር የአምፕሊፋየሩን ኃይል የሚችል መሆን አለበት።

📌 ቲዩነሩ እምቢ ሲል

አትጨቅጭቁት። አሥር ጊዜ በተን መጫን የሚነግራችሁ አዲስ ነገር የለም። ይልቅ እነዚህን እዩ፦

👉 ገመዱና ኮኔክተሮቹ። ውሃ የገባበት ወይም በደንብ ያልተበየደ ኮኔክተር የተለመደ ጥፋተኛ ነው።
👉 የሽቦው ርዝመት። ከጫፍ የሚመገብ ሽቦ ለምትፈልጉት ባንድ ልክ ግማሽ ሞገድ ከሆነ ኦሙ በጣም ከፍ ስለሚል ብዙ ቲዩነሮች ይሸነፋሉ። አንድ ሁለት ሜትር መቀነስ ወይም መጨመር ነገሩን ይቀይረዋል።
👉 ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ካልሠራ ወጥታችሁ አንቴናውን በዓይናችሁ እዩ። ቲዩነሩ እምቢ በማለቱ የተበጠሰ ሽቦ እየጠቆማችሁ ሊሆን ይችላል።

ከተቻለ ናኖ ቪኤንኤ የምትባለውን ትንሽ መለኪያ ያዙ። እውነተኛው አንቴና ምን እንደሚመስል ያለ ቲዩነር ታሳያችኋለች። የኛ ምክር፦ በጀታችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ ከውድ ቲዩነር በፊት መለኪያና ጥሩ ሽቦ።

እንዲህ ስንል ቲዩነር አይጠቅምም እያልን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃሪኬን ማሪያ ፖርቶ ሪኮን ሲመታና የመገናኛ መስመሮች ሲወድቁ የአሜሪካ ቀይ መስቀል 50 አማተር የሬዲዮ ኦፕሬተሮች እንዲላኩለት ጠይቆ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ልክ የጠበቀ አንቴና ለመሥራት ጊዜም ቦታም ላይኖር ይችላል። የተገኘው ሽቦ የተገኘው ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ሽቦው ሥር ያለ ቲዩነር ያኔ ነው ዋጋው የሚታወቀው። በደህናው ቀን የተለማመደ ሰው ነው በክፉው ቀን የሚሰማው።

📌 ፈቃድስ?

ማዳመጥና መላክ ይለያያሉ። ሞገድ ለመልቀቅ ፈቃድ ግዴታ ነው። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መሣሪያ ከመግዛታችሁም ሆነ ከውጪ ከማስመጣታችሁ በፊት እዚያ ጠይቁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ አለ፤ በዓለም የሚታወቀው ኢቲ3ኤኤ በሚለው የጥሪ ስሙ ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከሆናችሁ ጥሩ መነሻ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሺያን ይባላል። 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ከመለሳችሁ አለፋችሁ። የዕድሜ ገደብ የለውም፣ ዜግነትም አይጠይቅም። ግን እወቁት፦ ቴክኒሺያን ሆናችሁ በረጅም ርቀቶቹ ባንዶች ላይ በድምፅ የምታወሩት በ10 ሜትር ባንድ የተወሰነ ክፍል ብቻ ነው። በ40 እና በ20 ሜትር ለማውራት ቀጣዩ ደረጃ፣ ጄኔራል፣ ያስፈልጋል።

📌 ዛሬ ማታ በስልካችሁ ሞክሩት

ምንም ሳትገዙ መጀመር ትችላላችሁ። ዌብ ኤስዲአር ብላችሁ ፈልጉ። ሌላ ሀገር ያለ ሬዲዮ መቀበያ በስልካችሁ ብራውዘር ታዳምጣላችሁ፤ በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲው በጣም ታዋቂ ነው። 7.1 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሂዱና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። በሚያወሩ ሰዎች መሀል ድንገት ለጥቂት ሴኮንድ የሚቆይ ረጅም ፊሽካ ከሰማችሁ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ቲዩን እያደረገ ነው። ሳያዳምጥ ከሆነ የጀመረው ደግሞ የሰዎቹን ቁጣም አብራችሁ ልትሰሙ ትችላላችሁ 😄

ጠቅለል ስናደርገው፦ ቲዩነሩ ሬዲዮአችሁን ያድናል፣ ድምፃችሁን የሚያደርሰው ግን አንቴናው ነው። ሜትሩን እዩት፣ ግን ሽቦውን ማየት አትርሱ።

ለኤሌክትሮኒክስ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ሰላም ሁኑ!